ጀምበሩ ያስተማረን የቦምባይ ሰላምታ

መተማ ጀምበሩን ያከበረው ቦምባይን በማየቱ ነው። በወጣትነቱ ለጥጥ ለቀማ ገዳሪፍ ወረደ፤ ከዚያ ፖርት ሱዳን ደርሶ፣ በእንግሊዝ መርከብ ላይ ከሰል ወደ እሳቱ እየወረወረ ህንድ አገር ገባ። ጣሊያን ከመምጣቱ በፊት ሲመለስ የያዘው አንድ የሐር ሻሽ ነበር። ወሬው ግን ብዙ ነው። የጥጥ ነጋዴዎች በመኪና ሲንፈላሰሱ፣ እኛ ከሷሊህ ሱቅ የምንገዛው አቡጀዲ ጭስ ከሚተፋ ፋብሪካ ወጥቶ በመርከብ ሲጫን፣ ሁሉን ይነግረናል።

«አንተስ የት ታድር ነበር?» ስንለው፣

«ከባለ አምስት ፎቅ ቤት» ይላል፤ ሻሹን እያስተካከለ።

የሻረግንም ያገባው በዚህ ነው። አባቷ አያ አዛናው «ቦምባይን ያየ ሰው ልጄን አያስርባትም» ብለው ሰጡት።

በ1933 ዓ.ም. ጥር ጣሊያን መተማን ለቆ ሲወጣ፣ የሚመጣው የእንግሊዝ ጦር አብዛኛው ህንድ ነው ተባለ። አያ አዛናው አማቻቸውን በሰው ፊት ጠሩት።

«በል ልጄ፣ የቦምባይ ጌቶች የሚሰጣጡትን ሰላምታ አስተምረን።»

«አባቴ፣ በአማርኛችን ብንቀበላቸው ምናለ?» አለ ጀምበሩ። ሻሹን ደጋግሞ ያስተካክላል።

«ደግሞ ልትሰስትብን ነው?»

«‹ሳህብ፣ ቡካ ሁን› በሉ» አለን ጀምበሩ።

የሻረግ ሳቀች። «ቡካ ነው ቡኮ? ዱቄት አምጡ እንዳይሉን!»

በማግስቱ ያጠብነውን ኩታ ለብሰን መንገድ ዳር ተሰለፍን። አያ አዛናው ፍየል ይዘው ከፊት ቆሙ። ህንዶቹ ሲቀርቡ ባንድ ድምፅ «ሳህብ፣ ቡካ ሁን!» አልን።

ወታደሮቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንድ ጺማም ከረጢቱን ፈታና ደረቅ ብስኩት አውጥቶ በአያ አዛናው መዳፍ ላይ አኖረ፤ ትከሻቸውንም መታ መታ አደረጋቸው። ሌሎቹም ለእያንዳንዳችን አደሉን። አብሯቸው የመጣ ሱዳናዊ አስተርጓሚ በአረብኛ ለባለ ሱቁ ለሷሊህ አንድ ነገር ነገረው። ሷሊህ አቀረቀረ።

«ምን አልናቸው፣ ሷሊህ?» አሉ አያ አዛናው።

«ይተዉኝ፣ አያ።»

«ተናገር እንጂ!»

«‹ጌታዬ፣ ርቦኛል› ነው ያላችኋቸው።»

የምንገባበት ጠፋን። ጦርነቱ ማሽላችንን ጨርሶት እውነትም ርቦን ነበር፤ ይበልጥ ያሳፈረን እሱ ነው።

ጀምበሩ ከሰልፉ ወጣና ሁለት እጁን ለአማቱ ዘረጋ። «ብስኩቱን ይስጡኝ፣ አባቴ። ቦምባይ ላይ በዚህ ቃል የለመንሁት እኔ ነኝ።»

«ባለ አምስት ፎቁ ቤትስ?»

«አልዋሸሁም። ያደርሁት ከደጁ ነው። ፎቁ ከላዬ ነበር።»

አያ አዛናው ብስኩቱን ሰጡት። ከዚያ የፍየሉን ገመድ ለጺማሙ አስጨበጡና፣ «ንገርልኝ ሷሊህ፣ የእኛ ሰላምታ ይህ ነው» አሉ።

ጀምበሩን ዘወር ብለው አላዩትም። እኔም ቀና ብዬ አላየሁትም፤ የደረሰኝን ብስኩት በኩታዬ ሸፍኜ ይዤ ነበርና።