አርባ ደቂቃ የበሰለ ሥጋ

ስደተኛ ሁሉ ታሪኩን ሲያወራ በውድቅት ሌሊት፣ ጅብ እየጮኸ ነው የሚወጣው። እዚህ ናይሮቢ በቀን የወጣ ሐበሻ እስካሁን አላገኘሁም። እኔ ግን ከጂንካ የወጣሁት ሰኞ ጠዋት፣ ፀሐይ ሞቅ ካለ በኋላ፣ ወደ ካኮ ገበያ በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ከሽንኩርት ጆንያ ጋር ተጭኜ ነው። በገበያ ቀን የይለፍ ወረቀት የሚጠይቅ የለም፤ ጠባቂዎቹ ራሳቸው ገበያ ናቸው። እናቴም ገበያተኛ የምትሸኝ መስላ በር ላይ ቆማ ቀረች። በቅርጫቴ ሦስት ጠርሙስ ሥጋ ይዣለሁ። ዘጠኙን ለእሷ ትቼላታለሁ። ሁለት ዓመት እንቅልፍ የነሣኝ ያ ዘጠኝ ጠርሙስ ነው።

ጂንካ ውስጥ ለአንዲት ፈረንጅ ነርስ ምግብ አበስል ነበር። ሲስተር ነበር የምንላት። ወደ አገሯ ስትመለስ ክዳኑ በብሎን የሚጠብቅ፣ አናቱ ላይ መርፌ ያለው፣ ሰዓት የሚመስል የግፊት መለኪያ የተገጠመለት ትልቅ ድስት ተወችልኝ። ሥጋውን ጠርሙስ ውስጥ ከትተሽ፣ ጠርሙሶቹን ድስቱ ውስጥ ደርድረሽ በእንፋሎት ግፊት ትቀቅያቸዋለሽ፤ ዓመት ሳይበላሽ ይቀመጣል። "ዘጠና ደቂቃ። ጂንካ ከፍታ ስለሆነ መርፌውን ከፍ አድርጊ፤ ከወረደብሽ እንደገና ከአንድ ጀምረሽ ቁጠሪ" ትለኝ ነበር። ሰዓቱን ካልጨረሰ ሳይሸት፣ መልኩም ሳይለወጥ መርዝ ይሆናል፤ የበላውን ሰው ትንፋሹን ይዘጋዋል። ይህን እስቲ ለጂንካ ሰው ንገሩት። እኛ ዘንድ ሥጋ የሚመረመረው በአፍንጫ ነው።

የእናቴ በሬ ገደል ገብቶ እግሩ ተሰበረና ታረደ። ወሩ ዝናብ ነበር፤ በዝናብ ወር ጂንካ ላይ ቋንጣ የሚሰቅል ሰው ሻጋታ ያወርዳል። ስለዚህ ቅዳሜ ዕለት ድስቱን ጣድኩ። አርባኛው ደቂቃ ላይ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጠመንጃ ካነገተ አብዮት ጠባቂ ጋር ግቢያችን ገባ። ስሙን አልጽፍም፤ ቀለሙ ያሳዝነኛል።

"ምንድን ነው የሚጮኸው?" አለ፣ ከበሩ ሳያልፍ።

"ሥጋ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

"ሥጋ ከሆነ ለምን ይጮኻል?"

"የሚጮኸው እንፋሎቱ ነው።"

"ማን ፈቀደለት?"

እንፋሎት ፈቃድ እንደሚያስፈልገው አላውቅም ነበር። መጀመሪያ ፈንጂ ነው አለ፤ ቀጥሎ የሬዲዮ መገናኛ ነው አለ። ፈንጂም ሬዲዮም ቢሆን ግን ጠባቂውን ወደፊት ገፍቶ እሱ ከኋላው ቆመ። ጀግናችን ይህ ነበር። እሳቱን በውሃ አስጠፋኝ። ድስቱ ሲበርድ ጠርሙሶቹን አስወጥቶ ድስቱን "ለምርመራ" ይዞት ሄደ። እኔንም ከውጭ ዜጋ ጋር ስላለኝ ግንኙነት ለመጠየቅ ሰኞ ከሰዓት ቀበሌ ቅረቢ አለኝ። እንዲህ ተብሎ የቀረበ አንድ ጎረቤታችን ስምንት ወር ሆኖት ገና አልተመለሰም ነበር።

የጠርሙሶቹ ክዳን ጥብቅ ብሏል፤ ሥጋውም አምሯል። እውነቱን ልናገር፣ ከሊቀመንበሩ አልተሻልኩም። ፈረንጅ ሁሉን ነገር ታበዛለች፣ አርባም ዘጠናም ያው ነው ብዬ ስለ መርዙ ለእናቴ አንድ ቃል ሳልነግራት ሄድኩ።

ኦሞራቴ ደርሼ ድንበር የሚያሻግር መሪ ስጠብቅ ስድስት ቀን ተቀመጥኩ። በስድስተኛው ቀን የአንዱ ጠርሙስ ክዳን ዳቦ ይመስል አበጠ። ያን ጊዜ የሲስተር ዘጠና ደቂቃ ትዝ አለኝ። ሦስቱንም ኦሞ ወንዝ ወረወርኳቸው። አብረውኝ የነበሩት ሁለት ወጣቶች፣ ከዋዜማው ጀምሮ እህል ያልቀመሱ፣ "ይቺ እብድ ናት" አሉ። ወደ ጂንካ የሚመለስ ሾፌር አግኝቼ "እናቴን ሥጋውን ቅበሪው በልልኝ" አልኩት። እሺ አለ። እሺ ማለት ለሾፌር ቀላል ነው።

ናይሮቢ የስደተኞች ቢሮ ያገኘሁት ሰውዬ ብዕሩን እያኘከ "ለምን ተሰደድሽ?" አለኝ።

"በሥጋ ምክንያት።"

"ፎርሙ ላይ ሃይማኖት፣ ፖለቲካ፣ ጎሳ ነው ያለው። ሥጋ የሚል የለም።"

"እንግዲያው ፖለቲካ በለው።"

"የየትኛው ፓርቲ ሥጋ?"

እኔስ ሊቀመንበራችን በዓለም ላይ አንድ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ቤት ያከራየችኝ ሴትዮ፣ ማማ የሚሏት፣ ደግሞ ገና ቁልፉን ሳትሰጠኝ "እናንተ ጥሬ ትበላላችሁ አሉ፤ ግድግዳዬ ላይ ሥጋ እንዳትሰቅዪ" አለችኝ። ግድግዳዋ ሚስማር አይችልም፤ ሰው ከተደገፈው ይወድቃል። የሚበላው ኡጋሊ ነው፤ ቅቤ አይቶ የማያውቅ ገንፎ ማለት ነው። ከጎኑ ሱኩማ ዊኪ የሚሉት ጎመን ይቀመጣል። ሥጋ ሲገኝ ግን አልበላም ነበር። ሥጋ ባየሁ ቁጥር እናቴ ጠርሙሱን ከፍታው ይሆን እል ነበር። ስሜን ሳልጽፍ ሁለት ደብዳቤ ላክሁ፤ ስሜን ብጽፍ ሊቀመንበሩ ከእናቴ ቀድሞ ያነበዋል። መልስ አልመጣም።

ደርግ ሲወድቅ የጂንካ ቴሌ ቢሮ ደወልኩ። የስልክ ሠራተኛው የእናቴን ስም ጽፎ "ነገ በዚህ ሰዓት ደውዪ። ካለች አስጠራታለሁ" አለኝ። ያቺን "ካለች" የምትል ቃል እስኪነጋ ስመነዝር አደርኩ።

በማግስቱ ድምፅዋን ሰማሁ። ያወራነው በቋንቋችን፣ በአሪኛ ነው፤ ለእናንተ ወደ አማርኛ መለስኩት።

"እማዬ፣ ሥጋውን በላሽው?"

"ሁለት ዓመት ጠፍተሽ የምትጠይቂኝ ስለ ሥጋ ነው?"

"በላሽው ወይ?"

"አልበላሁም። ያለ አንቺ ማን ይከፍተዋል? ዘጠኙም መደርደሪያው ላይ አሉ፤ በየሳምንቱ አቧራቸውን እጠርጋለሁ። ድስትሽን ግን የሊቀመንበሩ ሚስት ባቄላ ትቀቅልበታለች።"

አለቀስኩ። ሾፌሩም አልነገራትም፤ ደብዳቤዎቹም አልደረሷትም። እናቴን ያተረፋት ናፍቆቷ ብቻ ነው።

"እማዬ፣ ዛሬውኑ ቅበሪው። ውሻ እንዳያወጣው ጉድጓዱን አጥልቂው። መርዝ ነው።"

 ከኋላዋ የጂንካ ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ ይሰማኛል።

"አንቺ የሠራሽው ነው እኮ" አለችኝ። "ከእጅሽ ሌላ ምን ቀረኝ?"

መስመሩ ተቋረጠ። እቀብረዋለሁ አላለችኝም።