ዓይናችን

በቀድሞው ዩኒቨርሲቲዋ ለአምስት ተማሪ አንድ ማይክሮስኮፕ ነበር፤ አንዱ እያየ ሲናገር አራቱ ይስላሉ። እሷ ያየችውን ቁልጭ አድርጋ ስለምትናገር ሁሌ የምታየው እሷ ሆነች። ጓደኞቿም «ዓይናችን» እያሉ ደብተሯ ላይ በየተራ ይስሉላት ነበር።

ሁለት ዓመት ተምራ ወደ ውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ስትዛወር ግን የቤተ ሙከራ ትምህርቷ መቆጠሩ አጠያያቂ ሆነ። ካልተያዘላት እንደገና አንደኛ ዓመት መግባቷ ነው። ይህን የሚወስኑት የአዲሱ ዩኒቨርሲቲ መምህርት ደብተሯን አገላብጠው፣

«ልጄ፣ ይሄ የአራት ሰው እጅ ነው። ያንቺ ሥዕል የቱ ነው?» አሏት።

«አንዱም የኔ አይደለም። እኔ ተናጋሪዋ ነበርኩ።»

መምህርቷን ገረማቸው። ከሳጥን ውስጥ አንዱን ናሙና ሳያዩ መዘው ማይክሮስኮፑ ላይ አደረጉና ራሳቸው እርሳስ አነሱ። «በይ እስቲ፣ ለኔም ንገሪኝ።»

«የጡብ ግድግዳ ነው የሚመስለው፤ ጡቡ ግን ረዘም ረዘም ይላል። በየጡቡ ውስጥ አንዳንድ ነጥብ አለ... ኧረ መሃል አይደለም! ጥግ ይዟል።»

መምህርቷ ስለው ሲጨርሱ በተራቸው አጎንብሰው አዩ። ከወረቀቱ ጋር አስተያዩና ከት ብለው ሳቁ።

«ይያዝልሻል። እዚህ ግን እያንዳንዱ ተማሪ የራሱ ማይክሮስኮፕ አለው። ዝም ብለሽ ማየት ትችያለሽ?»

«እሱን እንኳ እንጃ!» አለች፣ ደግማ ልታይ እየተጠጋች።