እጃችሁን የጫናችሁት በደህናው ክንድ ላይ ነበር

ወገኖቼ፣ ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ፈልጌ ነው የቆምኩት። ባለቤቴ ጽጌ ገና ቤት ሳለን «አጭር አድርገው፣ ሰውም አትሳደብ» ብላኛለች። ማሳጠሩን እሞክራለሁ።

እኔ እዚህ ጸሎት ቤታችሁ በር ላይ ታክሲዬን ፓርክ አድርጌ ጽጌን የምጠብቅ ሰው ነበርኩ። አልገባም። ዝማሬያችሁ ሲረዝምብኝ ጥሩምባ እነፋባችሁ ነበር። እግዚአብሔርን አልወደውም ነበር፤ ምክንያትም ነበረኝ። ስፈጠር ግራኝ ነኝ። የኔታ ዘንድ ፊደል ልቆጥር ገብቼ በግራዬ ስጠቁም «የሰይጣን እጅ» ብለው በአለንጋ ገረፉኝ። አባቴ ደግሞ ያንን እጄን ከወገቤ ጋር በገመድ አስሮት ከረመ። ከትምህርቱ ሸሸሁ፤ ማንበብ ሳልችል አርባ ዓመት ሞላኝ። ቀኙን ግን መብላቱን፣ መሥራቱን፣ ሁሉን አስለመድኩት። አሥራ አራት ዓመት አብራኝ የኖረች ሚስቴ እንኳ ግራኝ መሆኔን አታውቅም ነበር።

ሶ፣ ኢኮኖሚው መንገዳገድ በጀመረበት ዓመት የኤርፖርት ሥራ ሲቀዘቅዝ አንድ ደንበኛ አገኘሁ። ኮሪ ይባላል። አዲሰን ከተማ እኛ ያለንበት አፓርትመንት፣ ከኛ በላይ ነው የሚኖረው። ረጅም ፈረንጅ ነው፤ ክንዱ ታስሮ መንዳት አይችልም። ፍሪስኮ ከተማ ለክንዱ ቴራፒ በሳምንት ሦስት ቀን አመላልሰው ጀመር። ሥራው ቤዝቦል ነው፤ ፒቸር፣ ማለቴ ዱላ ለያዘው ሰው ኳሱን የሚወረውረው። በአሥራ ስምንት ዓመቱ ቀጥረውት፣ ሰባት ዓመት በታችኞቹ ቡድኖች በየትንንሹ ከተማ በአውቶቡስ ሲንከራተት ቆይቶ፣ በመጨረሻ ትልቁ ቡድን ጠራው። አሥራ አንድ ቀን ተጫወተ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን የክርኑ ጅማት ተበጠሰ። ሰርጀሪ አደረጉት።

አንድ ቀን ከሌላው ሰው በምን በልጠህ ነው የቀጠሩህ አልኩት።

«አልበልጥም። ግራኝ ስለሆንኩ ነው» አለኝ።

ግራኝ ፒቸር ጥቂት ነው፣ ዱላ የያዙትም አይለምዱትም፣ ስለዚህ ቡድኖች ይሻሙበታል አለ። ሕፃን ሳለ በግራው ማንኪያ ሲያነሣ አባቱ አይቶ በደስታ ጎረቤት ጠርቷል። ደስ ያለኝ እንዳይመስላችሁ። ደሜ ፈላ። እስከ ፍሪስኮ ድረስ ሬዲዮውን ከፍ አድርጌ ነዳሁ።

ዓመት አለፈ። ሐኪሙ ጅማቱ ገጥሟል አለ። ኮሪ ግን መወርወር አቃተው፤ ክንዱን ከፍ ሲያደርግ ይንቀጠቀጥበታል። ሐኪሙ እኔ የምችለውን ጨርሻለሁ ብሎ አሰናበተው። ቡድኑም የዓመቱ ጨዋታ እስኪጀመር ካልወረወርክ ሪሊዝ እናደርግሃለን፣ ማለት እናሰናብትሃለን አለው። ሌላ ሥራ አያውቅም። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ሲያለቅስ ሰማሁት። ለጽጌ ነገርኳት። ከዚያማ ታውቃላችሁ፤ ቅዳሜ ለጸሎት ቤቴን ሞላችሁት።

ጸሎቱን የሚመሩት እትዬ የሺ ኮሪን ወንበር ላይ አስቀመጡና ቀኝ ክንዱን ያዙ። የትኛው ነው ብሎ የጠየቀ የለም። የሰው ጉልበቱ ቀኙ ነዋ። ሁላችሁም ተረባርባችሁ ሩብ ሰዓት ሙሉ ደህናውን ክንድ ፈወሳችሁት። እኔ በሩ ላይ ቁልፌን ይዤ ሳቄን ዋጥ አድርጌ ቆምኩ። ይጨርሱና መኪና ውስጥ እስቃለሁ አልኩ።

ኮሪ ቀና ብሎ አየኝና ቀስ ብሎ «ወደ ግራው የሚመጡት መቼ ነው?» አለኝ።

ሳቄ ጠፋ። ሰውዬው ተራ እየጠበቀ ነበር።

«እትዬ የሺ፣ ግራው ነው» አልኩ።

ጸሎቱ ቀጥ አለ። «ምነው፣ ግራኝ ነው እንዴ?» አሉ።

«ግራኝ ነው። እኔም ግራኝ ነኝ።»

ለምን እንደተናገርኩት እስከ ዛሬ አላውቅም። ጽጌ «አንተ?» ብላ ቀረች። እትዬ የሺ ግን ምንም አልመሰላቸው።

«እንግዲያው አንተ ያዘው። በዚያኛው እጅህ» አሉኝ።

«እኔ አላምንም እኮ።»

«ማመኑን ለኛ ተወው። አንተ እጅህን አምጣ።»

ሰው ፊት አውጥቼው የማላውቀውን እጅ ክርኑ ላይ አሳረፍኩት። ጸሎት አላውቅም። «ይሄን እጅ አንተ ከሠራኸው ለምን አስገረፍከኝ?» አልኩ። ልናገረው ነበር ያሰብኩት፤ ለቅሶ ሆኖ ወጣ። እናንተ ፊት፣ እኔ፣ እንደ ሕፃን። ያን ያህል ዘመን የተጣላሁት ከአለንጋው ጋር ነበር፤ ስሙን ግን እግዚአብሔር ብዬው ኖሬያለሁ። የኮሪ ክንድ ከእጄ ሥር ሲንቀጠቀጥ ቆየና ጸጥ አለ። ሃሌ ሉያ። ጸጥ አለ፣ ወገኖቼ።

በሳምንቱ መወርወር ጀመረ። ጨዋታው ሲከፈት ፍሪስኮ ስታዲየም አሥራ ሁለት ሆነን ሄድን። ወደ መጨረሻው ላይ አስገቡት። የመጀመሪያዋ ኳስ ከተቀባዩ ራስ በላይ አልፋ ግንብ መታች። እትዬ የሺ ተነሥተው ዱላ ወደያዘው ጎረምሳ እጃቸውን ዘርግተው «በኢየሱስ ስም ሳታት» ይላሉ። ፊታችን ያለችው ፈረንጅ ምን እያሉ ነው ብትል ጽጌ «ማበረታታት ነው» አለቻት። ሳታት። ደገመ፣ ሳታት። ሦስቴ የሳተ ይወጣል፤ በሦስተኛው ዱላውን መሬት ላይ ወርውሮ ወጣ። ሁለተኛው ተጫዋች ወጣ። ሦስተኛውም ወጣ። እኛ እልልታውን ስናቀልጠው ስታዲየሙ ሁሉ ዞሮ አየን። ኮሪም አየን፤ ያንን ክንዱን ወደ ላይ አነሣው፣ አልተንቀጠቀጠም። ክብር ለስሙ ይሁን።

ለጌታ ብዬ አልዋሽም። ኮሪ ወደ ትልቁ ቡድን አልተመለሰም። በጋውን ሙሉ ወርውሮ በገዛ ፈቃዱ አቆመ፤ አሁን ማኪኒ ከተማ ውስጥ ውርወራ ያስተምራል። «ማንም አላስወጣኝም፣ ራሴ ወጣሁ» ይላል፤ ደስ ብሎት ነው የሚለው። እኔን ደግሞ ጽጌ ፊደል አስቆጥራኝ ይሄን የያዝኩትን ወረቀት በግራዬ ጻፍኩት። አባቴን ይቅር ብያለሁ። የኔታን ገና እየሞከርኩ ነው።

እናንተ በር ላይ የቆማችሁ፣ ለእናንተ ነው የምናገረው። ያሠለጠናችሁትን እጅ ይዛችሁ አትምጡ፤ እሱን ሰው ሁሉ አይቶታል። የደበቃችሁትን አምጡ። ማመን ካቃታችሁም ሳታምኑ ኑ። እኔ ሳላምን ነው የመጣሁት፤ ጌታ አልመለሰኝም።