የእባቡ ወገብ

ጋሽ ጠርሙስ ዶክተሩን የሚንቀው ሰውየው ስለማያውቅ ነው ወይስ ስለማያፍር? ሚስቱ ደጋግማ ጠይቃዋለች፤ አንድም ቀን አልመለሰላትም። ምናልባት እሱም አያውቀውም።

ቅጽል ስሙን ያወጡለት የቤተ መዘክሩ ባልደረቦቹ ናቸው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ምድር ቤት ባለው ክፍል እባብና እንሽላሊት የተነከሩባቸውን ጠርሙሶች ሲጠብቅ ኖሯል። አልኮሉ ሲጎድል ይሞላል፣ ጽሑፉ የደበዘዘውን ወረቀት እንደገና ጽፎ ያስራል። ትምህርቱ ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም፤ ንቀቱ ግን የሊቅ ነው። ጎብኚዎችን ይንቃል፣ መስታወቱን በጣታቸው ስለሚያንኳኩ። ዳይሬክተሩን ይንቃል፣ ሽታውን ፈርቶ ደረጃውን ወርዶ ስለማያውቅ። ከሁሉ የባሰው ግን የእባብ ተመራማሪው ዶክተር ነው።

በዚያ ዓመት ጣጣው በአንድ እባብ መጣ። ከሐይቁ አንድ ደንገል የሞላበት ጥግ በቀር የትም ያልታየ፣ ዓሣ እየበላ ሰው የማይነካ የውሃ እባብ ነው። ጥጉ ተቆፍሮ የጀልባ ማቆሚያ ሊሆን ታስቧል። እባቡ ራሱን የቻለ ዝርያ ከሆነ ቁፋሮው ይቀራል፤ በየወንዙ የሚርመሰመሰው ተራ እባብ ከሆነ ማሽኑ ይገባል። በቤተ መዘክሩ ጠርሙስ ውስጥ ያለውን ብቸኛውን እባብ ጋሽ ጠርሙስ ራሱ ነው በወጣትነቱ ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ የያዘው።

ዶክተሩ የቅርፊቱን ረድፍ ቆጥሮ አሥራ ዘጠኝ ነው አለ። የወንዙም እባብ አሥራ ዘጠኝ ነው። በቃ፣ አለቀ።

አላለቀም። እባብ ዙሪያውን የሚቆጠረው ወገቡ ላይ ነው። ይሄኛው ግን እንደ ገመድ ተጠቅልሎ አልኮሉ ውስጥ ስለደነደነ ወገቡ ከጥቅሉ መሃል ተቀብሯል። ዶክተሩ እጁን ማርጠብ አስጠልቶት በውጭ የታየውን አንገት ቆጠረ።

«ዶክተር፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነብዎ» አለው ጋሽ ጠርሙስ።

«ጋሼ፣ እርስዎ አልኮሉን ይሙሉ፤ ቁጥሩን ለእኛ ይተዉት።»

«ልብስ ሰፊዎ ለሱሪ ሲለካዎ አንገትዎን ነው የሚይዘው?»

የዶክተሩ ጸሐፊ ፊቷን በፋይል ሸፈነች። ዶክተሩ አልሳቀም፤ ሪፖርቱንም አላረመም።

ስለ ቁፋሮው የሚወስነው ኮሚቴ ሊሰበሰብ ስምንት ቀን ቀርቷል። ጋሽ ጠርሙስ እባቡን ለብ ባለ ውሃ እየዘፈዘፈ፣ በቀን ጣት የምታህል እያፍታታ ከረመ። ቢቸኩል ይሰበራል፤ ሌላ እባብ ደግሞ የለም። ቤቱ ሲገባ እንቅልፍ እምቢ አለው።

«ዛሬም አትተኛም?» አለች ሚስቱ።

«ወገቡ ገና አልለሰለሰም።»

«የኔ ወገብ ግን በአንተ መገላበጥ አልቋል።»

በስብሰባው ቀን እባቡን በትሪ ዘርግቶ ገባ። ወገቡ ላይ ነጭ ክር አስሯል። መርፌ አውጥቶ ለዶክተሩ ሰጠው።

«ይቁጠሩ።»

ዶክተሩ ቆጠረ። ሃያ ሦስት። ደግሞ ቆጠረ። ሃያ ሦስት።

«ታዲያ የወንዙ አይደለማ» አሉ ሰብሳቢዋ።

ዶክተሩ መነጽሩን ጠረገ። «እኔም ከመጀመሪያው ጥርጣሬ ነበረኝ።»

ቁፋሮው ቀረ። ከሰዓት በኋላ ዶክተሩ አዲሱን የዝርያ ስም በብጣሽ ወረቀት ይዞ ምድር ቤት ወረደ። እባቡን በአባቱ ስም ሰይሞታል፤ በራሱ ስም መሰየም ነውር ነውና። የአባቱ ስም ደግሞ በየጽሑፉ ላይ ከእሱ ስም ቀጥሎ የሚነበበው ነው።

«አባትዎ ይሄን እባብ አይተውት ያውቃሉ?»

«ኧረ እሳቸው እባብ ይፈሩ ነበር።»

«ደግ ነው። እሱም አያውቃቸውም።»

ጋሽ ጠርሙስ ስሙን በሚያምር እጁ ጽፎ አሰረው። ያሰረው አንገቱ ላይ ነው፤ ዶክተሩ ፈልጎ እንዳያጣው።

ማታ ሚስቱ «ያንተ ስምስ የታለ?» አለችው።

«እባቡ ውሃውን አግኝቷል። ስሙን እነሱ ይልበሱት።»

ሳህኑን አንስታ ስትመለስ አንኮራፍቷል። ገና ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር።