የውዱን ባትሪ ማን ጨረሰው

የውዱ መኪና ጠዋት ጠዋት አልነሳ ካለች ወር ሊሞላት ነው። ቁልፉን ሲያዞር ጠቅ ትልና ዝም። እሑድ እሑድማ፣ ቅዳሜ ሰንበትን ቆማ ስለምትውል፣ መብራቷ እንኳ አይበራም። ያኔ የማይጠፋው ጓደኛው ወንዳለ ነው። እዚያው ሰፈራቸው ሮቫ ቴት ቫቭ፣ ማዶ ካለው ሕንፃ መኪናውን አምጥቶ ያስጠጋና፣ እጀታው በአረንጓዴ ናስትሮ በተጠቀለለ ገመድ ባትሪውን ከባትሪ ያገናኝለታል። መኪናዋ ስትነሳ ውዱ ይመርቀዋል። «ወንድም ማለት እንዲህ ነው! እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥህ!» ወንዳለም «አሜን» ይላል። አሜን ለማለት አፉ እንዴት እንደደፈረ እሱ ነው የሚያውቀው።

ሁለቱ ወደ ተስፋይቱ ምድር ሲመጡ በሱዳን መንገድ አንድ እፍኝ ጥሬ ተካፍለው ያለፉ ሰዎች ናቸው። ውዱ ከወደብ ሥራው በጡረታ ከወጣ ወዲህ ሰው ያደረገችው መኪናዋ ናት። ለቅሶ የሚደርስ ሽማግሌ፣ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ያላት አሮጊት፣ ሁሉም «ውዱ የት አለ?» ነው የሚለው። መኪናዋን ከተነጠቀ ቤት ተቀምጦ ቴሌቪዥን ላይ ከማፍጠጥ በቀር ምንም አይቀረውም፤ ያንን ደግሞ ከሞት ለይቶ አያየውም።

አንድ ጊዜ ብቻ አፍሯል። ከፋሲካ በፊት፣ ሰው አድርሶ ሲመለስ፣ ሮቫ ዩድ ዛይን የሚሉት ሰፈር ውስጥ መንገዱ ጠፋበት። ሕንፃው ሁሉ አንድ መልክ ሆነበትና አንድ ሰዓት ሙሉ ሲዞር ቆየ። በመጨረሻ ለወንዳለ ደወለ። ወንዳለ የራሱን መኪና ትቶ በአውቶቡስ መጥቶ፣ አጠገቡ ተቀምጦ፣ መንገድ እያሳየ ቤቱ አደረሰው። «ለማንም እንዳትናገር፣ በተለይ ለልጄ ለኤፍራት» አለው ውዱ። ወንዳለ በኦሪት ማለለት።

አዲስ ባትሪ ገዝቶም ያው ሲሆንበት፣ ውዱ የመኪና ኤሌክትሪክ ወደሚሠራው ወደ ራሕሚም ሄደ።

«ሰንበት ቆማ ስለምትውል ነው» ሲለው ራሕሚም ሳቀ።

«አባ ውዱ፣ ሰንበት ቆሞ መዋልማ ባትሪ የሚገድል ቢሆን፣ ያገሩ ሰው ሁሉ እሑድ በእግሩ ይሄድ ነበር። ባትሪው እኔ ዘንድ ቻርጅ ላይ ይደር። ነገ የሚጠጣውን እንፈልጋለን።»

በነጋታው ባትሪው ጢም ብሎ ሞልቷል። ራሕሚም መኪናዋን አጥፍቶ፣ በሮቿን ዘግቶ፣ መለኪያውን ከባትሪው ጋር አገናኘ። ቁጥሩ ወደ ዜሮ መውረድ ሲገባው አልወርድ አለ። ፊውዝ እየነቀለ አየ፤ ሬዲዮው አይደለም፣ የውስጥ መብራቱም አይደለም። ከዚያ ከመሪው ሥር ተንጋለለና የክብሪት ቀፎ የምታህል ጥቁር ሣጥን ጎትቶ አወጣ።

«ይቺ ናት። መኪናዋ የት እንዳለች ለሰው ስልክ ትናገራለች። አገጣጠሟ ስለተበላሸ ቀንም ሌትም አትተኛም። አንቱም አጭር አጭር መንገድ ስለሚነዱ የጠጣችው አይተካም። ማን ነው ያስገባት?»

ውዱ ሣጥኗን ተቀብሎ አገላበጣት። ገመዷ የተቀጠለበት ቦታ በአረንጓዴ ናስትሮ ተጠቅልሏል። በሬ ካራጁ ይውላል ይባላል፤ የኛው ሰው ግን ወር ሙሉ አራጁን ሲመርቅ ነው የከረመው።

ወንዳለን ደጁ ላይ አገኘውና ሣጥኗን ዘረጋለት።

«ይቺ የማን ናት?»

ወንዳለ መሬት መሬት አየ። «ኤፍራት ለምናኝ ነው።»

«መንገድ እንደጠፋኝ ማን ነገራት?»

ወንዳለ የመኪና ቁልፉን በጣቱ ያገላብጥ ጀመር።

«በኦሪት ምለህልኝ!»

«ወድቀህ ብትቀርስ ውዱ? ለደግ ብለን ነው። እሷም እኔም በስልካችን እናይሃለን።»

«ባትሪዬን የምትጨርሰው ይቺ እንደሆነች ታውቅ ነበር?»

«ጠርጥሬ ነበር» አለ ወንዳለ ቀስ ብሎ። «በየጠዋቱ የምመጣውም ለዚሁ እኮ ነው።»

ከሁሉ ውዱን ያቃጠለው ይህ ነው። ኤፍራትስ ልጅ ናት፣ ፈርታ ነው። ይሄኛው ግን ራሱ ያጠፋውን ራሱ እያስነሳ ምርቃቱን ሲበላ ከረመ።

«ምርቃቴን መልስልኝ» አለው። ሣጥኗን እግሩ ሥር ጥሎለት ሄደ።

እሑድ ጠዋት መኪናዋ ቁልፍ ሲነካት ተነሳች። ውዱ ከጀልባ ማቆሚያው፣ ከማሪና አጠገብ ሰው አድርሶ ሲመለስ አንድ አደባባይ ላይ ደረሰ። አንዴ ዞረው፣ ደገመ፣ ሠለሰ። በየትኛው መንገድ እንደመጣ ጠፋው። ከኋላው ጡሩንባ ሲበዛበት ዳር ይዞ ቆመ። ሞተሩ ያለ አንዳች ችግር ይሠራል። ስልኩን አውጥቶ የወንዳለን ስም ብዙ ደቂቃ ሲያይ ቆየ። ከዚያ መልሶ ኪሱ ከተተውና፣ የት እንደሚያደርሰው ሳያውቅ በፊቱ ባገኘው መንገድ ነዳ።