ማሽኑ ያላወቃቸው ጣቶች

በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሁሉም እታለም ይሏታል። እናቷ ያወጣችላት ስም ከግል ማኅደሯ ውጭ የትም አይገኝም። ሃያ ስድስት ዓመት ካውያ ይዛ ቆማለች። ካውያው መጋሉን የምታውቀው በቀዩ መብራት አይደለም፤ ጣቷን በምላሷ አርጥባ ሆዱን ነካ ታደርገዋለች። "ጭስ" ካለ ለሐኪም ጋውን ደርሷል፤ ዝም ካለ ይቆይ። አዲስ የሚቀጠሩ ሴቶች ይህን ሲያዩ ይሰቀጥጣቸዋል። እሷ ግን፣ "ተላምደናል፤ እንደ ባልና ሚስት ነን። ያቃጥለኛል፣ አልፈታውም" ትላቸዋለች።

በዚህ ላይ በረኪናውና ስታርቹ ተጨምሮ የጣቶቿ ጫፍ እንደ ወንዝ ጠጠር ለሰለሰ። መርፌ ስታነሳ ከማዳለጡ በቀር ነገሬ ብላው አታውቅም፤ የጣት አሻራ የሚቀበለው ማሽን እስኪመጣ ድረስ።

ማሽኑ በመግቢያው በር ላይ ተሰቀለ። ጠዋት ጣት ያላሳረፈ ከሥራ እንደቀረ ይቆጠራል ተባለ። ሴቶቹ ወዲያው "አማት" ብለው ስም አወጡለት፤ ያሻትን ትቀበላለች፣ ያላሻትን ትመልሳለች ሲሉ ነው። እታለምን መለሰቻት። መዝጋቢው ልጅ አሥሩንም ጣቶቿን በየተራ ሞከረ። በአልኮል ጠረገ፣ እንደገና ሞከረ።

"እማማ፣ አሻራዎን የት ጣሉት?" አላት።

"ካውያው ጋ ይሆናላ" አለች፤ ሴቶቹ ሳቁ። የእሷ ሳቅ ግን ከጥርስ አላለፈም። ማሽኑ ያላነበበው ሰው "ለሥራ ብቁ አይደለም" ተብሎ ይሰናበታል የሚል ወሬ ሳምንቱን ሙሉ ሲናፈስ ነበር። ጡረታዋ ሁለት ዓመት ቀርቶታል። ባሏ ስትሮክ መቶት ግራ ጎኑ አልታዘዝ ካለ ሰንብቷል፤ በሠራተኛ ቤተሰብ ካርድ እዚያው ሆስፒታል የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ይከታተላል።

ያኔ ሚጢጢ ከኋላዋ ቆማ ነበር። ሚጢጢ ሣጥን ላይ ካልወጣች የማጠቢያውን አፍ የማትደርስበት፣ ሦስት ልጆች ለብቻዋ የምታሳድግ ሴት ናት። መዝጋቢው ዓይኑን ኮምፒውተሩ ላይ ተክሎ "በሉ ለመጨረሻ ጊዜ ይጫኑ" ሲል፣ ሚጢጢ በእታለም ብብት ስር እጇን አሾልካ የግራ ትንሿን ጣቷን አሳረፈችበት።

"ገባ" አለ ልጁ።

ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ሚጢጢ ጠዋት ጠዋት በቀኝ እጇ ለራሷ፣ በግራዋ ለእታለም ትጫን ነበር። ለሁለቱም ውሸት አልመሰላቸውም። እታለም እንደሆነች ከማንም ቀድማ ገብታ ካውያዋን ሰክታለች፤ ያለችውን ሴት አለች ማለት ምን ነውር አለው?

አንድ ሰኞ የሚጢጢ ትንሹ ልጅ ኩፍኝ ወጣበትና አምስት ቀን ፈቃድ ወሰደች። እታለም በአምስቱም ቀን ከማሽኑ ፊት ቆማ አሥር ጣቶቿን አንድ በአንድ ለመነች። "እንደገና ይሞክሩ" ይላታል። ወደ ውስጥ ገብታ እስከ ማታ ትተኩሳለች። ለኃላፊ ብትናገር ለሥራ ብቁ አይደለሽም ልትባል ነው፤ ባትናገር ደግሞ ይኸው። ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች። በሚቀጥለው ሳምንት ደብዳቤ ደረሳት፦ አምስት ተከታታይ የሥራ ቀናት ያለ በቂ ምክንያት ስለቀሩ ተሰናብተዋል። የባሏን ካርድም ያንኑ ዕለት ጥበቃው በር ላይ ተቀበላት።

ባሏ በግራ እጁ ኩባያ መጨበጥ ጀምሮ ነበር። ሕክምናው በቀረ በወሩ ጣቶቹ መልሰው ተኮማተሩ። ሌሊት ሌሊት እየፈታች ታሻቸዋለች፤ ጠዋት ተጨብጠው ታገኛቸዋለች።

ክስ የምታቀርበው ለሠራተኛ ጉዳይ ሰሚ ቦርድ መሆኑን የነገረቻት ጎረቤቷ ናት። ፍርድ ቤት ሲባል የምታስበው ትልልቅ ዓምድና ጥቁር ካባ ነበር። ቦርዱ ግን ከአንድ ጫማ መሸጫ በላይ፣ ፎቅ ላይ ያለ፣ ረጅም ጠረጴዛ የተዘረጋበት ክፍል ነው። ጠበቃም አላስፈለጋት፤ ጸሐፊዋ ራሷ እየጠየቀች ቅጹን ሞላችላት። የሚሰሙት ሦስት ናቸው፤ መነጽር ያደረገች ሰብሳቢ፣ ከአሠሪዎች ወገን አንድ፣ ከሠራተኞች ወገን አንድ።

የማጠቢያ ክፍሉ ሴቶች ለእንጀራቸው ፈርተው ስለቀሩ፣ በመጀመሪያው ቀጠሮ አንዲት ነርስ ብቻ ቀርባ፣ ጋውኖቹን በዚያ ሳምንት ከእታለም እጅ እንደተቀበለች መሰከረች፤ "የትኞቹ ቀናት እንደነበሩ ግን አልምልም" አለች። ያን ጊዜ እታለም ማሽኑ ጣቷን እንደማያነብ ተናገረች። ሰብሳቢዋም ማሽኑ ተነቅሎ እንዲመጣ አዘዘች።

በሁለተኛው ቀጠሮ የሆስፒታሉ አስተዳደር ኃላፊ ማሽኑን በካርቶን ይዞ መጣ። ሚጢጢ ፈረቃዋን ወደ ከሰዓት ቀይራ እታለምን አጅባ መጥታ ነበር፤ ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበር ይዛ ቀረች።

ማሽኑ ጠረጴዛው ላይ ተሰካ። እታለም አሥር ጣቶቿን አሳረፈች። አሥር ጊዜ መለሰቻት አማት። የሠራተኞች ወገን የሆነው አባል እጇን በእጁ ይዞ ገልብጦ አየና፣ "ይኼ እኮ ጣት አይደለም፣ የተወለወለ እምነ በረድ ነው" አለ። እታለምን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለል አላት።

ሰብሳቢዋ መነጽሯን አወለቀች። "እናት፣ ማሽኑ ካላነበበዎ፣ ከዚያ በፊት ስምንት ወር ሙሉ ማን ነበር የሚጫንልዎ?"

እታለም ይህን ጥያቄ አላሰበችውም። ማስረጃዋን እንዳቀረበች እንጂ፣ በዚያው ማስረጃ እንደምትያዝ አልታያትም።

አስተዳደር ኃላፊው ወረቀቶቹን ዘረጋ። "አንድም ቀን አልጎደለም፤ ይኸውላችሁ። በሌላ ሰው ጣት ነው የኖረችው። ማታለል ነው፤ የተባበራትም ሰው አብሮ ይሰናበታል።"

"ቆይ አንተ" አለው የሠራተኞች ወገን የሆነው አባል፤ "የተሰናበተችው ቀርተሻል ተብላ ነው፣ አታለልሽ ተብላ አይደለም።"

"ልክ ነው" አለች ሰብሳቢዋ፤ "ግን በአምስቱ ቀን ሥራ ላይ ነበርኩ የሚሉት እሳቸው ናቸው። በስምንት ወር የዋሹን ሰው በአምስት ቀን እንድናምን እውነቱን ሙሉ መስማት አለብን።" ከዚያ ወደ እታለም ዞረች። "ስሙን ቢነግሩን ያ ሰው ተጠርቶ ይጠየቃል። ቃላችሁ ከገጠመ ይጠቅምዎታል።"

"ያ ሰውስ ምን ይሆናል?"

"እሱን ቃል ልገባልዎ አልችልም። ውጭ ወጥተው ያስቡበት። የሚቀጥለውን ጉዳይ ሰምተን እንጠራዎታለን።"

ኮሪደሩ ላይ ሚጢጢ ብድግ አለች። "አላነበበም አይደል? አይቼአለሁ በበሩ ክፍተት። ተፈታ በይኝ።"

እታለም ተቀምጣ ሁሉንም ነገረቻት፤ ሰብሳቢዋ ያለችውንም፣ ኃላፊው ያለውንም፣ አንዱንም ሳትጨምር ሳትቀንስ። ሚጢጢ የነጠላዋን ጫፍ ቋጠረች፣ ፈታች፣ መልሳ ቋጠረች። ከውስጥ የሌሎች ባለጉዳዮች ድምፅ ይሰማል፤ አንድ ሾፌር ስለ ዕረፍት ቀኑ ይከራከራል።

እታለም ጠበቀች። "ንገሪያቸው" የምትለዋን አንዲት ቃል ነበር የምትጠብቀው። ብትላት እሷ "አይሆንም" ትል እንደሆነ እንኳ አታውቅም። ግን እንድትላት ፈለገች።

"እታለም" አለች ሚጢጢ በመጨረሻ፤ ቀና አላለችም። "ትንሹ ገና ሳሉ አልለቀቀውም።"

"አውቃለሁ።"

"ልጆቹ ከእኔ በቀር…"

"ምን አልኩሽ እኔ? ምንም አላልኩሽም እኮ።"

ሾፌሩ እየተነጫነጨ ወጣ፣ እታለም ተጠራች።

ቆማ ነበር የተናገረችው፤ ይቀመጡ ቢሏትም አልተቀመጠችም። "ጣቱ የማን እንደሆነ አልናገርም። ክሴንም አልተውም፤ በአምስቱም ቀን ስተኩስ ነበር። የታያችሁን ፍረዱ።"

ሦስቱ ራስ ለራስ ገጥመው ብዙ ተማከሩ። የሠራተኞቹ ወገን ጠረጴዛውን በእርሳስ ሲመታ፣ ሰብሳቢዋ ራሷን ስትነቀንቅ ታያለች። በመጨረሻ ሰብሳቢዋ ውሳኔውን አነበበች። ከሳሽ በተባሉት ቀናት በሥራ ላይ መገኘቷን አላስረዳችም፤ ስለ አሻራው ሙሉውን እውነት ለመግለጽ ፈቃደኛ ባለመሆኗ ቃሏን ማመን አልተቻለም፤ ስንብቱ በሁለት ድምፅ ጸንቷል። አንድ አባል የተለየ ሐሳቡን በጽሑፍ አስቀምጧል። ይግባኝ በሠላሳ ቀን።

አንብባ ስትጨርስ ሰብሳቢዋ ወረቀቱን ዝቅ አድርጋ፣ እንደ ዳኛ ሳይሆን እንደ ሰው፣ "እናት፣ እኔም ያላመጡልኝን ማየት አልችልም" አለቻት።

"ገብቶኛል፣ ልጄ" አለች እታለም። በእርግጥም ገብቷት ነበር፤ የባሰው እሱ ነው። የምትረግመው ሰው እንኳ አጣች።

ሚጢጢ ደረጃው ራስ ላይ ጠበቀቻት። ፊቷን አይታ አልጠየቀችም፤ ክንዷን ያዘቻት፣ እንደ ታማሚ። ደረጃውን በዝግታ ወረዱ። ጫማ መሸጫው በር ላይ ሲደርሱ ሚጢጢ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ሰረቅ አድርጋ አየች፤ እታለምም አየቻት። የከሰዓቱ ፈረቃ ሊጀምር ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል።

"ቤት ላድርስሽ" አለች ሚጢጢ።

"ሂጂ" አለቻት እታለም፤ ክንዷን ቀስ አድርጋ አስለቀቀች። "ጣትሽን ሳታሳርፊ ሰዓቱ እንዳያልፍብሽ።"

ሚጢጢ ጥቂት እርምጃ ሄዳ ቆመች፤ ከዚያ ሮጠች። እታለም ሰው እስኪሰውራት ድረስ በዓይኗ ሸኘቻት። ከዚያ ባሏን ምን እንደምትለው እያሰበች በእግሯ ወደ ቤቷ መንገድ ጀመረች።