የጋሼ ተኽለ ካምፐርና የታንከሩ ውሃ

ካናዳ፣ ካልጋሪ ውስጥ ካምፐር ለዊንተር ብርድ በማዘጋጀት እኔን የሚያህል ሐበሻ የለም።

እሺ... ሰፈራችን ራንድል ውስጥ። እሺ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ጋሼ ተኽለ ጓሮ ከነበርነው ሦስት ሰዎች መሃል።

ጋሼ ተኽለ ጎረቤቴ ናቸው። አሥመራ በአማርኛ የተማሩ፣ እጅ ጽሑፋቸው የሚያምር ሽማግሌ። ጡረታ ሲወጡ ፖፕ አፕ ካምፐር ገዙ። ለማያውቅ... መኪና የሚጎትታት ሳጥን ናት። እጀታውን ስታዞር ጣሪያዋ ወደ ላይ ይወጣና ግድግዳዋ ሸራ የሆነ ቤት ትሆናለች።

አምና ውሃ ውስጧ ረስተው ቱቦዋ በብርድ ፈነዳ። ዘንድሮ ከተደገመ ሊሸጧት ነው። ከባለቤታቸው ከእትዬ ለተብርሃን ጋር ሳይጨቃጨቁ የሚውሉት ደግሞ ካምፐሯ ውስጥ ብቻ ነው። ስልኬ ለማታ ማይነስ አሥራ ሁለት ብሏል።

እኔን የጠሩኝ ለንባብ ነው። የጋሼ መነጽር ተሰብሯል። እኔ የማታ የንባብ ትምህርቴን ከጨረስኩ ገና ሦስት ሳምንቴ ስለሆነ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ፤ የሳሙና ካርቶን ሳይቀር።

ጋሼ በእጃቸው ጽፈው በሯ ላይ የለጠፉትን መመሪያ ጣቴን መስመሩ ላይ እያስኬድኩ አነበብኩላቸው። ሸራው ሳይደርቅ አይታጠፍ ይላል... ደርቋል። ባትሪው ይውጣ... ወጣ። ምግብ አይቅር፣ አይጥ ይጠራል... እትዬ ግማሽ ከረጢት ቆሎ ታቅፈው ወጡ። ቀጥሎ፣ ከታንከሩም ከቱቦውም ውሃው በሙሉ ይፍሰስ፣ ከዚያ በብርድ የማይረጋው ሮዝ ፈሳሽ፣ አንቲፍሪዙ፣ ይግባ ይላል።

«በል ክፈተው» አሉ ጋሼ።

«እንዳትነካው!» አሉ እትዬ።

እጄ አየር ላይ ቀረ።

«ጸበል ነው።»

ነሐሴ ላይ የቤተ ክርስቲያን ማኅበራችን ከከተማ ወጥቶ ባደረ ጊዜ፣ ቄሱ ውሃ ሲባርኩ ለእትዬ ጀሪካን አልደረሳቸውም ነበር። ታዲያ ቄሱን ለምነው ወደ ካምፐሯ አምጥተው ታንከሩን እንዳለ አስባረኩት። ለጋሼ ትንፍሽ አላሉም።

«እንዴ! እኔ እግሬን ስታጠብበት የከረምኩት?»

«ቁርጥማትህ በምን የተሻለህ መሰለህ አንተ ሰውዬ?»

ጋሼ ጉልበታቸውን አዩት።

ጸበል ደግሞ እግር የሚረግጠው ቦታ አይደፋም። ጥዱ ሥር እናፍስሰው አልኩ።

«የጎረቤት ውሻ ጠዋት ማታ እግሩን የሚያነሳበት ዛፍ ላይ?» አሉ እትዬ። «አንተ ልጅ፣ ያስተማሩህ ይሄን ነው?»

ካልፈሰሰ ቱቦዋ ይፈነዳል። ከፈሰሰ ኃጢአት ነው። ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነው።

ደግነቱ ሐበሻ ቤት የወተት ጋሎን አይጣልም። ከቤቱ ሥር ካለው ቤዝመንት ባዶውን ሁሉ ሰብስበን አወጣን። እየተቀባበልን፣ አንድ ጠብታ መሬት ሳናስነካ ታንከሩን ጨረስን። ጋሼ ቀና ብለው ወገባቸውን ያዙ።

የቱቦው ውሃ ቀረ። እሱ የሚወርደው በካምፐሯ ሆድ ሥር ባለች ትንሽ ክዳን ነው። ቦታው ዝቅ ስለሚል ጋሎን አያስገባም። እትዬ ሳፋ ሊያመጡ ወደ ቤት ገቡ። እኔ ጊዜ ለመቆጠብ በጀርባዬ ሥሯ ገብቼ ክዳኗን ላላ ላድርጋት ስል... ተፈናጥራ ወጣች።

ሳፋ የለም። መሬት ከሚነካ እኔን ይንካኝ አልኩና ደረቴን ደቀንኩለት። ውሃው በአንገቴ ገብቶ ቀበቶዬ ጋ ደረሰ። ጮህኩ። ሰው የሚጮኸው ዓይነት ጩኸትም አልነበረም።

ጸበል ቦታ የሄደ ያውቃል... ውሃው ሲያርፍበት የጮኸ ሰው አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው ውስጡ ያለው መንፈስ ነው። እትዬ ሳፋቸውን እንደያዙ ራስጌዬ መጥተው ቆሙ።

«ማነህ? ተናገር!»

«እኔ ነኝ እትዬ! ሳፋውን!»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የያዝከው?»

«ኧረ በረደኝ!»

«ትለቃለህ አትለቅም?»

«እለቃለሁ! ሳፋውን ያቅርቡልኝ ብቻ፣ እለቃለሁ!»

«እልልልል!»

ጎረቤት ከነውሻው በአጥሩ ላይ ብቅ አለ።

«ኢዝ ሂ ኦኬይ?»

ጋሼ ረጋ ብለው «የስ የስ... ዊንተራይዚንግ» አሉት፤ ለብርዱ እያዘጋጀን ነው ማለታቸው ነው። ሰውየው ገብቶታል መሰለኝ፣ አውራ ጣቱን አሳይቶን ሄደ።

የቀረው ውሃ ሳፋው ውስጥ ወረደ። በጋሼ ጋቢ ተጠቅልዬ፣ ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ፣ ቀጣዩን መስመር አነበብኩ። ሮዙ ፈሳሽ በቧንቧዋ ብቅ ሲል ጋሼ ቧንቧውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት፣ ልክ ፈረሱን እንደሚያባብል ሰው። ጣሪያዋን አወረድን፣ ሸራ አለበስናት። ማታ ማይነስ አሥራ አራት ገባ። ውስጧ የሚፈነዳ ነገር አልነበረም።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ወሬው ቀድሞኛል። «ጸበሉ መሬት እንዳይነካ ገላውን ያነጠፈው ልጅ ይሄ ነው» አሉ እትዬ። እናቶች ተራ በተራ ሳሙኝ፣ መረቁኝ። አንገቴን ደፍቼ አሜን አልኩ።

ካወራሁላችሁ ውስጥ አንዷን ብቻ ከራሴ ጨምሬያለሁ... ደረቴን አልደቀንኩም። ጃኬቴ ካምፐሯ ሥር ካለው ብረት ጋር ተያይዞ መሸሽ አቅቶኝ ነው።